የአባባ የእንስሳ ቆጠራ

ጥር 15፣ ከጠዋቱ 1፡15
አባባ ሚዛን ላይ። 58 ኪ.ግ.። ከትናንት ግማሽ ኪሎ ቀንሷል። ጋቢያቸውን ስላስወለቅኳቸው ይሁን ሆዳቸው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ስለጎደለ እንጃ። ሆዳቸውን በሜትር ለካሁ፤ እሱም ቀንሷል። እልል!

ቁርስ ጨው የሌለው ሽሮ። በሬም እኮ ጨው ይልሳል፣ ብለው አጉረመረሙ።

አንቺ ደብተር፣ ቤታችን ሆስፒታል ከሆነ ሳምንቱ። የአባባ ጉበት ታሞ መተኛት ነበረባቸው፤ እቤት ሆነው ይታከሙ ተባለ። ሲ/ር ብርቱካን በየቀኑ በባጃጅ ከች ትላለች። ዶ/ሩ ማታ ማታ ይደውላል፣ ኔትወርክ ከፈቀደ። የመድኃኒቱ ከረጢት የሚሰቀለው የፈረሳቸው ኮርቻ በነበረበት ሚስማር ላይ። ኮርቻው አልጋ ሥር ገባ። አባባን ቅር ብሏቸዋል።

ጥር 16፣ ከቀኑ 5፡00
ጉድ ፈላ። ጉበት ሲደክም ያላጣራው መርዝ ወደ አእምሮ ወጥቶ ያደናግራል። ለዚህ ሲ/ር ትፈትናቸዋለች፦ በአንድ ደቂቃ የቻሉትን ያህል እንስሳ መጥራት፤ ከአሥር ካነሰ ምልክቱ መጥፎ ነው። አባባ ጀመሩ። ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻ፣ አምባላይ፣ ዳልቻ... ሁሉም የፈረስ መልክ! ሲ/ር አንድ ፈረስ ብላ ጻፈች። ተከራከርኩ። ዕድሜ ልኩን የፈረሰኞች ማኅበር አባል የሆነ ሰው እንስሳ ሲባል ሌላ ምን ይምጣለት?

ከዚያ እጅዎን ይዘርጉ አለቻቸው። መዳፋቸው ተርገፈገፈ። ይህም የመርዙ ምልክት ነው አለች። ስትደውልለት ዶ/ሩ ቁርጡን ተናገረ፦ እስከ ነገ ጠዋት ካልተሻላቸው ሆስፒታል ገብተው ይተኛሉ።

ከቀኑ 9፡00
የሽሮፑ ጠርሙስ አልጎደለም! መርዙን በሰገራ የሚያወጣው ሽሮፕ እኮ ነው። አፋጠጥኳቸው፤ አመኑ። ከትናንት ጀምሮ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ከዳንግላ እየመጡ ስለ ዘንድሮው የፈረስ በዓል ይመክራሉ። እንግዳ ፊት አራቴ ወደ ጓሮ መሮጥ አሳፍሯቸው፣ ሳይጠጡት ቀሩ። እንዳትናገሪ ብለው ለመኑኝ።

ብናገር ሊወስዷቸው ነው። ባልናገርስ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ፈራሁ። ደወልኩ።

ዶ/ሩ አልተቆጣም። ሽሮፑ አሁኑኑ ይጀመር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ቶሎ ደውዪ፣ ጠዋት እናያለን አለ።

አባባ አኮረፉኝ። ለእማማ ብቻ በአዊኛ ያሙኛል። እኔ አዊኛ የማልሰማ ይመስል!

ጥር 17፣ ከጠዋቱ 4፡00
ሽማግሌዎቹ መጡ። አባባ በፊታቸው ሽሮፑን ራሳቸው ጠየቁኝ። ግጥም አደረጉት። ይህ መድኃኒት ያስሮጠኛል፣ መንገድ ልቀቁልኝ አሏቸው። ሳቅ በሳቅ! እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ተነሥተው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አስጠጉ። አባባ ሁለቴ ሮጡ፣ ሁለቴም በጭብጨባ ተመለሱ። እኔ ስስቅ እንባዬ መጣ።

ሲ/ር ገባች። መዳፋቸው አልተንቀጠቀጠም። ቀጥሎ የእንስሳው ፈተና። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአዊኛ፤ እኔ አስተርጓሚ። ላም፣ በግ፣ ጅብ፣ ጦጣ፣ ጃርት... አሥራ ስድስት! አንድም ፈረስ የለበትም።

ሲ/ር ግራ ገባት። ፈረስስ፣ አባባ?

«ፈረስ ከእንስሳ ይቆጠራል እንዴ፣ ልጄ?»

ሽማግሌዎቹ በሙሉ ልክ ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲ/ር ለዶ/ሩ ስትደውል ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችን። ተወሰነ፦ እቤት ይቆያሉ። ደግሜ ልጻፈው፦ እቤት ይቆያሉ።