ለእኔ የተሠራው ገጽ

ሰኞ፣ ኅዳር 4

የትምህርት ቤቱን አራት መዝገቦች ጠርዘን ጨረስን። ሙጫው በብርዱ አልደርቅ ብሎ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ መጭመቂያው ሥር ቆዩ። እትዬ ስፌቷን ጨርሳ መርፌዋን በጥርሷ እንደነከሰች ስታንቀላፋ አየኋት። ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ ስትሰፋ አንድም ቀን መርፌ አልዋጠችም። ተመስገን።

ከምሳ በኋላ ታብሌቱን ይዤ ቁጭ አልኩ። ድረ ገጻችን እየተሠራ ነው። ሐሳቡን ያመጣችው ልጄ ናት፤ እኔማ ጥረዛ ቤት ድረ ገጽ ምን ያደርግለታል ባይ ነበርኩ። አሁን ግን... እውነቱን ልጻፍ፣ የሚያነበው የለም። ወድጄዋለሁ። ገጹ ላይ ጣቴን አሳርፌ ስጫን ትንሽ ሳጥን ይከፈታል። አስተያየቴን እዚያ እጽፋለሁ። ዲዛይነሯ ታነባለች፣ ታስተካክላለች፣ ከሥሩ አረንጓዴ ምልክት ታደርጋለች። "እሺ ጋሼ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው" ትላለች። ሁልጊዜ።

ዛሬ ስድስት ጻፍኩ። ስድስቱም እሺ። በዕድሜዬ እንዲህ የሚታዘዘኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብታይ ኖሮ በሳቅ ትሞት ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ዲዛይነሯ ፎቶ ልታነሳ መጣች። ስሰፋ፣ ስለጥፍ፣ ቆዳ ስቆርጥ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመች። የቆዳው ጠርዝ በቢላ ለምን እንደሚሳሳ ጠየቀችኝ። ካልሳሳ ሲታጠፍ ያብጣል አልኳትና ቢላውን ሰጠኋት። ሦስት ቆዳ አበላሸች፣ አራተኛው ደህና ነው። ለማይከፈልበት ሙያ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ደስ ይለኛል።

የድርጅታቸው አለቃ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ "ደንበኛችን ቤተሰባችን ነው" የሚል ጽሑፍ ሰቅሏል ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ማታ ለልጄ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ስላገኘሽልኝ ተባረኪ አልኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። ዘወር አላለችም።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

"ስለ እኛ" የሚለውን ጽሑፍ ለሦስተኛ ጊዜ አስተካከልኩ። የእትዬ ስም ከእኔ ቀጥሎ ይግባ ብዬ። እሺ ተባልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 15

ልጻፈው... ነገ "እንዲህም አልነበረም" ብዬ ራሴን እንዳልሸነግል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ታብሌቱን ከፈትኩ። ከትናንት አስተያየቴ ሥር አዲስ መልእክት አለ። የዲዛይነሯ ነው። ለእኔ ግን አይደለም። ለልጄ ልትጽፍ ተሳስታ እኔ ገጽ ላይ ጻፈችው። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ "ዋናው ገጽ አልቋል፣ ሰኞ በ25 ይወጣል። የአባትሽን ኮፒ እስከዚያ ክፍት እናቆየው ወይስ እንዝጋው?" ከሥሩ ሊንክ።

የአባትሽን ኮፒ።

ሊንኩን ተጫንኩ። የሱቃችን ስም አለ። ግማሹ። "ጥረዛ ቤት" የሚለው የለም። የመጋበዣ ካርድ፣ የስጦታ ሳጥን፣ የልደት ፖስታ... መጽሐፍ የለም። መዝገብ የለም። እትዬም የለችም። ላይ ታች አልኩ። አንድ የማውቀው ነገር አገኘሁ፣ እጄን። መርፌ ይዟል። ከአንጓዬ ላይ ቆርጠው ሮዝ ሳጥን አጠገብ አድርገውታል። ከሥሩ "በፍቅር፣ በእጅ የተሠራ" ይላል። እጄ አለ፣ እኔ የለሁም።

ታብሌቱን ዘጋሁት።

ተመልሼ ስከፍተው መልእክቱ ተሰርዟል። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም። አላየውም ብላ ተስፋ አድርጋ ይሆናል።

ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ምን ስሠራ ነበር? ፊደል ያረምኩት፣ ቀለሙ ከቆዳው ጋር እንዲመሳሰል ቁራጭ ቆዳ ይዤ መስኮት ላይ የተገተርኩት... ማንም ለማያየው ገጽ ነው። ለሕፃን የአሻንጉሊት መሪ አስይዘው መኪናውን ሌላ ሰው እንደሚነዳው። ሕፃኑ ደግሞ "ጡሩምባ ልንፋ?" ይላል።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጄ መጣች።

"አባዬ፣ ዛሬ አስተያየት ጻፍክ?" አለችኝ ፈገግ ብላ።

"ገና ነኝ" አልኳት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 18

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ለእኔ ታብሌት ተሰጥቶኛል።

አስተያየት አንድ፦ የገጹ ቀለም የአህያ ሆድ ይምሰል። "እሺ ጋሼ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው።" ሁለት፦ ፎቶዬ ተዘቅዝቆ ይለጠፍ። እሺ ጋሼ። ሦስት፦ የሚያስነጥስ ደንበኛ እንደማናስተናግድ በትልቁ ይጻፍልኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ዘገየች። እሱንም እሺ አለች።

ከሰዓት በኋላ ከፈትኩት። አድርጋዋለች! በአህያ ሆድ ቀለም ላይ ተዘቅዝቄያለሁ። ሳቄ መጣ። ስስቅ ስስቅ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የሳቁ ይሁን የሌላው አላውቅም። ምናለ አንዴ "ጋሼ፣ አብደዋል እንዴ?" ብትለኝ?

እትዬ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። መርፌዋን አስቀመጠች።

"ልጅህ ታውቃለች?"

"ያዘዘችው እሷው ናት።"

ክሩን በጣቷ ላይ እየጠመጠመች፣ "እኔስ የት ልሄድ ነው?" አለች።

ከዓርብ ጀምሮ ስለ ራሴ መዋረድ ስብሰለሰል ይህን አንዴም አላሰብኩትም። መጽሐፍ የማይሰፋበት ቤት ለመጽሐፍ ሰፊ ምኗ ነው? በስልሳ አንድ ዓመቷ ሮዝ ሳጥን ላይ ሪባን ልታስር?

ረቡዕ፣ ኅዳር 20

ሳልደውል ድረ ገጹን የሚሠሩት ሰዎች ቢሮ ሄድኩ። ከአንድ ጫማ ቤት በላይ፣ ፎቅ ላይ ነው። የግድግዳው ጽሑፍ እውነትም አለ፣ ለውሉ ስመጣ ልብ አላልኩትም፤ አንድ ጥጉ ተላቆ ይንጠለጠላል። እኔ ብለጥፈው እንዲህ አይላቀቅም ነበር።

አለቃው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ውኃ አስመጣልኝ። ስለ መተማመን ንግግር አደረገልኝ። ጥሩ ንግግር ነው፣ የለመደው መሆኑ ያስታውቃል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ፍላጎት ሲኖር ሁለት ገጽ መሥራት ሰላም ያወርዳል አለ። አንደኛው እኔ እንዳየው፣ ሌላው ለሕዝብ እንዲወጣ። ማንም አይቀየምም አለኝ፣ እኔ ተቀይሜ ፊቱ ተቀምጬ።

"ደንበኛችሁ ማነው?" አልኩት።

ፋይል አወጣ። ውሉ። የልጄ ፊርማ። ያኔ ትዝ አለኝ... እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ወረቀቱን ሳላነበው ወደ እሷ የገፋሁት እኔው ነኝ። "አንቺ ፈርሚው፣ እኔና አንቺ ምን ልዩነት አለን" ብዬ። ሰውየው በወረቀት ልክ ነው። እኔም ዕድሜ ልኬን ወረቀት ስጠርዝ ኖሬ ወረቀት ማንበብ አቃተኝ።

ዲዛይነሯ ደረጃው ላይ ተከትላኝ ወረደች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

"ጋሼ፣ እምቢ ማለት ከበደኝ። ሲያዩት ደስ ይልዎት ነበር። ደግሞ ካዘዙኝ አንዱንም አልዘለልኩም።"

"ለማን ነው የሠራሽው?" አልኳት። የደረጃውን መደገፊያ ጨበጠች።

"እምቢ ብትይኝ እቆጣሽ ነበር። በማግስቱ ግን ተመልሼ እመጣ ነበር።"

ትቻት ሄድኩ። ከአለቃው ይልቅ የእሷ ነው ያንገበገበኝ። ቢላዬን ሰጥቻታለሁ እኮ። ለማንም አልሰጥም።

ዓርብ፣ ኅዳር 22

ልጄን አናገርኳት። እትዬ ቀደም ብላ ወጣችልን። ዋናውን ገጽ ከፍቼ ታብሌቱን ፊቷ አስቀመጥኩት። አልካደችም፣ ይህን እመሰክርላታለሁ።

መመረቂያ ጽሑፉን የሚያስጠርዝ ተማሪ ከጠፋ ሁለት ዓመት እንደሆነው ነገረችኝ። አውቃለሁ። የትምህርት ቤቱ መዝገብም የዘንድሮው የመጨረሻ ነው አለች። ይህን አላውቅም ነበር። ለእሷ ነግረዋታል፤ ለእኔ መንገር ከብዷቸዋል። ለእኔ ነገር መንገር ለሁሉም ይከብዳል ማለት ነው? ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው?

አምና ሦስት ጊዜ ጠይቄህ ነበር አለችኝ። ካርድ እንሥራ ብላ። ሦስቱንም ጊዜ "እኔ ስሞት እንደፈለግሽ አድርጊው" ብያታለሁ። ብያለሁ፣ አልክድም።

"እና ሳልሞት ቀበርሽኝ" አልኳት።

አለቀሰች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ "ብነግርህ ትፈቅድልኝ ነበር?" አለች።

አልፈቅድም ነበር። እጮህ ነበር፣ ሳምንት አኮርፍ ነበር። ግን የማኮርፈው እሷን ነበር፣ ልጄን። አሁን ማንን ላኩርፍ? በየቀኑ ፈገግ እያለች "አባዬ፣ አስተያየት ጻፍክ?" ስትለኝ የከረመችውን ሴት? እሷን አላውቃትም። አንድ ቤት ነው የምናድረው።

እትዬን ምን ልታደርጊያት ነበር አልኳት። "እያሰብኩበት ነበር" አለች። ዓይኗን ሰበረች። አላሰበችበትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 25

ገጹ ወጣ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቄ ነበር፣ እጄን አውርዱልኝ ብዬ። "አውርደነዋል" አለችኝ ልጄ ጠዋት።

ስትወጣ ታብሌቱን ለእትዬ ሰጠኋትና እስኪ እይልኝ አልኳት። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች ፈለገች። "የለም፣ አውርደውታል" አለች። ከዚያ ትክ ብላ አየችኝ። አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

ዲዛይነሯ መጣች። በር ላይ ቆማ ግቢ እስክባል ጠበቀች። እንድትጠብቅ ተውኳት፣ ጥቂት።

የእኔ ገጽ አልተሰረዘም። የአህያውን ቀለም አጥፍታ፣ እኔንም በእግሬ አቁማ፣ ለብቻው "ጥረዛ ቤት" ብላ ልታወጣልኝ ትፈልጋለች። ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በራሷ ጊዜ። ለልጄ ነግረሻታል ወይ አልኳት። አልነገረችም። ለአለቃሽስ? አልነገረችም።

ደሜ ፈላ። እንደገና ከጀርባ? ዛሬ ለእኔ ብለሽ እነሱን፣ ነገ ለእነሱ ብለሽ እኔን? መጀመሪያ ሁለቱንም በግልጽ ጠይቂ፣ ከዚያ ነይ አልኳት። ደግ ነገርም ከሆነ ተደብቆ የተሠራ በቃኝ። ልብሴን የሚሰፋልኝ ሰው እንኳ ዓይኔ እያየ እንዲሰፋ ነው የምፈልገው።

ልትወጣ ስትል ዞረች።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ጽሑፍዎ በጣም ረዥም ነው። ማንም አንብቦ አይጨርሰውም።"

ስድስት ጊዜ የጻፍኩት ጽሑፍ ነው! ምንሽ ነው የሚረዝምብሽ አልኳት። እሺ ግን አላለችኝም። እሷ ከሄደች በኋላ አነበብኩት... እውነትም ረዝሟል። ግማሹን ቆረጥኩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ደወለች። ልጄንም አለቃዋንም ጠይቃለች። አለቃው አጉረመረመ፣ ልጄ ግን ፈቅዳለች። ልጄ ይህን ለእኔ አልነገረችኝም። እንዴት ትነግረኛለች፣ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ከ"ደህና ዋልክ" በቀር ምን እንባባላለን?

እኔው ጠራኋትና ቁጭ ብለን ተነጋገርን። እትዬም ተቀምጣ። ድምፅ ከፍ አደረግኩ፣ እሷም ከፍ አደረገች። አምስት ሰዓት ላይ የጀመርነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። የፊቱ ክፍል ለካርዱ፣ ለእሷ። የኋላው ክፍል፣ መጭመቂያዎቹና መቁረጫው ለጥረዛው፣ ለእኔና ለእትዬ። ሁለት ስም፣ ሁለት ገጽ። በወረቀት ይስፈር አልኩ። ልጄ ደነገጠች። "ለእኛ ለእኛ ወረቀት?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 14

ልጄ ወረቀቱን አዘጋጅታ አመጣችው። ሁለት ገጽ፣ በሁለት ቅጂ። የፈረመችበት ነው። "እንደተባባልነው ነው አባዬ" አለችና እስክሪብቶውን አጠገቤ አስቀመጠች።

አነበብኩት። መስመር በመስመር፣ በጣቴ እየተከተልኩ። የእትዬ ሥራ የማይነካ መሆኑ አለ። የኋላው ክፍል አለ፣ ማሽኖቹ በየስማቸው አሉ። ያላልነው አንድ ቃል እንኳ አልገባበትም። ልጄ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ቢሮ ውስጥ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው እጆቿን አጣምራ። ሁለተኛውን ገጽ ስጨርስ ቀና ብዬ አየኋት። ደክሟታል። የእናቷን ፊት ይዛለች፣ ያቺው የራሴ ልጅ ናት። ያኔ መፈረም ነበረብኝ።

ወደ መጀመሪያው ገጽ መለስኩትና፣ "አንዴ ደግሜ ልየው" አልኳት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እኔም ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ።