በስቲሙ በር ላይ ስለተሰቀለው ወረቀት

ለክብርት ወይዘሮ ብርቅዬ
ዓለም ባንክ ሰፈር ላለው የስፓና የውበት ቤታችን ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ እዚህ የደንበኞች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ላላችሁ እህቶች በሙሉ

እትዬ ብርቅዬ እንደምን ሰንብተዋል፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ወገብዎን ተሻለዎት ወይ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከቅዳሜ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው። እዚህ የምጽፈው ስልክዎን ስለማያነሱልኝ ነው፣ ስድስት ጊዜ ደውያለሁ፣ ሥራ በዝቶብዎ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን እዚህ ግሩፕ ላይ የቅናሽ ማስታወቂያ ሲለጥፉ ስለማይ እዚህ ከጻፍኩ ያዩታል ብዬ ነው። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ ደብዳቤ አጻጻፍ አላውቅም፣ የተሳሳትኩትን በትልቅነትዎ ይለፉልኝ።

መጀመሪያ ላመስግንዎ። ፀጉር አጣቢ ሆኜ ገብቼ ወዲያው ቴራፒስት አድርገውኛል፣ ሥልጠናው ከሰኞ እስከ ረቡዕ ነበር፣ ረቡዕ መብራት ስለጠፋ ቀረ እንጂ። ስሜንም አሳምረውልኛል፣ ዋጋነሽ ለስፓ አይሆንም ብለው ሜሪ አሉኝ፣ ደረቴ ላይም ለጠፉልኝ። ከፖሊስ ጣቢያ የመጣልኝ መጥሪያ ላይ ግን ዋጋነሽ ጉታ ነው የሚለው፣ ከነአያቴ ስም ተሟልቶ፣ ማን እንደዚያ አሟልቶ እንደሰጠልኝ ስለማውቅ ለእሱም አመሰግናለሁ።

ወሬውን ላልሰማችሁ፣ ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ልጅ ከባሏ እህት ጋር ሞሮኮ ባዝ ልትታጠብ መጣች፣ ሰርግ ነበረባቸው፣ ስሟን አልጠራም። ስቲም ክፍሉ፣ እንፋሎቱ ቤት፣ ውስጥ ካስገባኋት በኋላ ራሷን ሳተች፣ ደምም ፈሰሳት፣ ተሸክመን ነው ያወጣናት፣ አሁን ቤቴል አንድ ክሊኒክ ተኝታለች። የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ነች ልበል፣ ሐኪሞቹ ገና አልለየለትም እያሉ ነው፣ እኔ ነች ነው የምለው።

ሰው አቤቱታ ሲጽፍ በቁጥር ነው ስላሉኝ በቁጥር ላድርገው።

አንደኛ፣ ደንበኛ የምትሞላው ካርድ ነው። ከዱባይ ያስመጡት፣ ያምራል፣ ጠርዙ ወርቅማ ነው፣ እንግሊዝኛ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ኤልናታን ልጅቷን «ዝም ብለሽ ኖ ኖ እያልሽ ውረጂ የኔ እህት፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚሞላው» አላት፣ እሷም ኖ ኖ ብላ ወረደች፣ ከታች እኔ ፈረምኩ፣ ቴራፒስት ናት የምትፈርመው ብለው እርስዎ ነዎት ያስለመዱኝ። አሁን ያ ካርድ ማስረጃ ሆኗል አሉ። የኔ ፊርማ እንዲህ ለቁም ነገር ይፈለጋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስቲሙ በር ላይ በመስታወት ያሰቀሉት ወረቀት ነው፣ እሱም እንግሊዝኛ ነው። እኔ ጌጥ ነበር የመሰለኝ። በየጠዋቱ በአልኮል የምወለውለው እኔ ነኝ፣ ጣት እንዳይታይበት ይሉኛል፣ አንድም ቀን ጣት ታይቶበት አያውቅም። እሁድ ዕለት፣ ድሮ በሩ ጋ ቆሜ የተነሳሁት ሰልፊ ስልኬ ላይ ስለነበር አብራኝ ለምትኖረው ጓደኛዬ ለፀሎት አሳየኋት፣ ነርስነት ትማራለች፣ እስቲ አንብቢልኝ አልኳት። ስቲም መግባት የሌለባቸው ሰዎች ዝርዝር ነው አለች። ደም ግፊት ያለበት፣ ልብ የሚያመው፣ እያለች ወርዳ አራተኛው ላይ ስትደርስ ስልኩን አስጠግታ ደግማ አየችው። ምነው አልኳት። «እርጉዝ ሴት ይላል ዋጌ» አለችኝ። ሰባት ወር ሙሉ እሱን ነው ስወለውል የኖርኩት።

ሦስተኛው እርስዎ ላይ አይደለም፣ እኔው ላይ ነው፣ ሌላ የምጽፍበት ቦታ ስላጣሁ ነው። ልጅቷ ነግራኛለች። የባሏ እህት ልብሷን ልትቀይር ስትሄድ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ሁለት ወሬ ነው፣ ሆዴን እንዳታሺው፣ ለእሷ እንዳትነግሪ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ለሰው አይወራም» አለችኝ። እኔም እንኳን ደስ አለሽ፣ በሰላም ተገላገይ አልኳት፣ ሳቀች። ከዚያ ሆዷን ሳልነካ፣ ቀስ ብዬ፣ እጇን ይዤ ስቲም አስገባኋት። አምስት ደቂቃም ጨመርኩላት። እርስዎ ዲቶክስ ነው፣ መርዝ ያወጣል፣ የማይስማማው ሰው የለም ብለው ስላስተማሩኝ ለልጁም ጥሩ መስሎኝ ነው። እሷ ሰው አድርጋኝ ነገረችኝ፣ እኔ ምን እንደነገረችኝ አላወቅኩም።

አራተኛ፣ ትናንት በኤልናታን እጅ የላኩልኝ ወረቀት ነው። ይሄኛው በአማርኛ ነው፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ ከእርስዎ ቤት በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ነው። «ማስጠንቀቂያውን ለደንበኛዋ አንብቤ አስረድቻለሁ፣ ደንበኛዋ ነፍሰ ጡር መሆኗን ደብቃኛለች» ይላል፣ ከሥሩ የኔ ስም አለ፣ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው። ኤልናታን «ፈርሚና ሥራሽ ግቢ፣ ካልፈረምሽ ሰኞ ጣቢያ ብቻሽን ነው የምትቆሚው፣ እትዬ ጠበቃ ይዘዋል» አለኝ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሲነግረኝም መሬት መሬት እያየ ነው። እኔ ጠበቃ የት አውቃለሁ፣ ያለችኝ እናቴ ናት፣ እሷም ኮልፌ አጠና ተራ ሽንኩርት ነው የምትሸጠው፣ ጣቢያ የሚለውን ከሰማች ትወድቅብኛለች ብዬ እስካሁን አልነገርኳትም። ሌሊቱን ወረቀቱን ትራሴ ሥር አድርጌ አደርኩ፣ ልፈርም ብዬ ሁለቴ ተነስቻለሁ፣ አልዋሽዎትም።

ያልፈረምኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ማክሰኞ ቤቴል ሄጄ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ነበር፣ ልግባ አልግባ ስል የባሏ እህት ወጣችና አየችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፣ አልጮኸችም። «ላጠበችኝ ልጅ ነግሬያታለሁ ትላለች፣ እኛ ደብቀሽ ገብተሽ ነው ብለን ፊት ነስተናታል፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ነግራሽ ነበር ወይ» አለችኝ። እኔ ሳልመልስላት የአየር ጤና ታክሲ መጣልኝ፣ ዘልዬ ገባሁ፣ በመስኮት ሳያት እዚያው ቆማለች። እዚህ ግሩፕ ላይ እንዳለች አውቃለሁ። እህቴ መልሱ ይኸውልሽ፣ አዎ ነግራኛለች፣ አልደበቀችም፣ እባካችሁ አጠገቧ ተቀመጡ።

እንግዲህ እትዬ ወረቀትዎን እንደመጣ መልሼ ልኬልዎታለሁ። ሰኞ በሁለት ሰዓት ጣቢያ እሄዳለሁ፣ ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም፣ ምን ብዬ እንደምጀምርም አላውቅም፣ ፈርቻለሁ። እስከዚያው ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለጠበቃዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቤትዎ የማይነጥፍ ደንበኛ እየተመኘሁ፣ በሁለት ቀን ሥልጠና ለዚህ ስላበቁኝ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ እሰናበትዎታለሁ።

እስከ ቅዳሜ ሜሪ፣
ከቅዳሜ ወዲህ ዋጋነሽ ጉታ

ማስታወሻ፦ እኔ እስክመለስ ብለው ያስገቧት አዲሷ ልጅ ዛሬ ጠዋት ደውላ ስቲም ውስጥ ስንት ደቂቃ ነው የሚቀመጡት ብላ ጠየቀችኝ፣ የእሷ ሥልጠና አንድ ቀን ነበር አለችኝ። ደቂቃውን ተይውና መጀመሪያ እያንዳንዷን ለብቻዋ አድርገሽ፣ በአማርኛ፣ እርጉዝ ነሽ ወይ ብለሽ ጠይቂ አልኳት። ደንበኛ ይቀየማል፣ እትዬም ይቆጣሉ ብላ ፈራች። ቁጣውን ወደኔ ያድርጉት እትዬ፣ እኔ እንደሆንኩ መጥሪያው ደርሶኛል።