ሁለት ሞተር ለአሮጌ ጀልባ

መስከረም 7፣ 1963። ሐሙስ፣ ከጧቱ 2 ሰ.

ዛሬም ለካሁ። የጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ወርድ 118 ሳ.ሜ.፤ በሁለቱ ሞተሮች መካከል 56 ሳ.ሜ. ይቀራል። ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ሦስቱም ያው። ልጄ ዘርጋ ከአዲስ አበባ ያስጫናት የአሉሚኒየም ጀልባ እዚህ ቡታጅራ፣ ግቢያችን እንሰት ሥር ተጋድማለች። ከመስቀል በኋላ ዝዋይ ሐይቅ ትገባለች። ለበዓል የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ይሳፈርባታል፣ ሕፃናቱም ጭምር። የተሠራችው ለአንድ ሞተር ነው። ዘርጋ ግን ሁለት ካልሆነ አለ።

ማስታወሻዬ፣ ከቤታችን ዋና የሚችል አንድም ሰው የለም።

መስከረም 9። ቅዳሜ።

ብየዳ ሠራተኛው ኑሪ መጣ። አላፊ አግዳሚው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይስቃል። ጋሼ መምህር፣ ኖኅ ሆኑ ወይ፣ ለእኛም ቦታ ይያዙልን ይላሉ። ኑሪ ወላሂ ለፍየሎች ብቻ ነው የቀረው ብሎ መለሰላቸው። ሳቅሁ።

የእንግሊዝኛውን መመሪያ እኔ አነበብኩ፣ ኑሪ ለሞተሮቹ የኋላውን ግድግዳ በሳ። ስምንት ብሎን። ሰባቱ ጠበቁ። ስምንተኛው ዝም ብሎ ይዞራል፣ አይይዝም። ኑሪ ሥሩ ወፍራም ሮንዴላ፣ የብረት ቀለበት፣ ደርቦ አጠበቀው። ምሳ አልበላ አለኝ።

መስከረም 12። ማክሰኞ፣ 10 ሰ.

ፈራሁ። ዘርጋ ገበያ ሲሄድ ያን ብሎን ፈትቼ በቀዳዳው ወስፌ ሰደድኩ። በሁለቱ ቆርቆሮ መሀል ያለው ጣውላ እንደ እርጥብ ቆጮ ነው። ወስፌው እስከ እጀታው ገባ። በሌሎቹም ቀዳዳዎች ሞከርኩ፤ አብዛኛው በስብሷል። ከውጭ አዲስ ቀለም! ሁለቱ ሞተሮች እኩል ሲገፉ ግድግዳው ይገነጠላል፤ ውሃው ከኋላ ይገባል።

ለዘርጋ ነገርኩት። አባባ፣ ዛሬም ተማሪዎ ነኝ እንዴ ብሎ ሳቀ። ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል፣ አሁን ቀረ ብል መሳቂያ እሆናለሁ አለ።

መስከረም 17። እሑድ፣ መስቀል።

ቤቱ ሞልቷል። ልጆቹ ጀልባዋ ውስጥ ገብተው በዱላ ይቀዝፋሉ። አሥራ አንድ ናቸው። ማየት አቃተኝ።

ዘርጋ ሽማግሎች ፊት ተንበርክኮ ምርቃት ጠየቀኝ። እኛ ዘንድ ያለ አባት ምርቃት ሥራ አይጀመርም። አልመርቅም አልኩ። ዘርጋ ተነሣ። ባይመርቁኝም ማክሰኞ ዝዋይ እሄዳለሁ አለ።

ባለቤቴ ጓዳ ጠርታ ተቆጣችኝ። ያለ ምርቃት ሄዶ አንድ ነገር ቢሆን የአባቱ እርግማን ነው ይባላል አለች። ይህን አላሰብኩም ነበር። ብመርቅም ፍርሃት፣ ባልመርቅም ፍርሃት።

መስከረም 18። ሰኞ፣ 9 ሰ.

ቤተሰቡ ሁሉ አማት ሊጠይቅ እንሴኖ ከተማ ሄዷል። ኑሪን አስጠራሁ። ዘርጋ ከገደለኝ እርስዎ ጀናዛዬ ላይ ይቆማሉ አለኝ። ግን መጣ። ሞተሮቹን አውርደን ጆንያ ላይ አስተኛን። ቆርቆሮውን ገለጥን። ጣውላውን በመጋዝ ለመቁረጥ ተዘጋጅቼ ነበር፤ በእጄ ዘግኜ አወጣሁት።

ጀልባዋ ኋላዋ ክፍት ነው። ነገ ወደ ዝዋይ የሚወስዳት መኪና ቢመጣም የሚጭነው የለም። ኑሪ በደረቅ ዝግባ ይሠራዋል፤ አንድ ሞተር ብቻ ይገጠማል። ዘርጋ ቢጣላኝ ይጣላኝ። ኑሪን ሂድ አልኩት፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ እላለሁ።

የግቢው በር ተከፈተ። ልጆቹ ወደ ጀልባዋ ሮጡ። ዘርጋ ከኋላቸው ነው፤ ቆመ። አየ። አባባ እያለ ይጣራል። ልውጣና እኔ ነኝ ልበለው።