የጓድ ቢሻው ባለመስኮት ካርቶን

ኢትዮጵያ ትቅደም

ለተከበሩ ጓድ ቢሻው አበረ፣
የቀበሌያችን የማመልከቻ መርማሪ፣
ወረታ

እርስዎ፣ ባለቤትዎ እትዬ አማከለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ካርቶንዎ በዚህ የፎገራ እርጥበት እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከወረታ መውጣት አለመቻሌን በሽታ ካላሉት በቀር ደኅና ነኝ።

ለማያውቁት አንባቢዎች ካርቶኑን ላስተዋውቅ። ጓድ ቢሻው ማመልከቻ የሚመረምሩበትን መሣሪያ በገዛ እጃቸው የሠሩት የሳሙና ካርቶን በምላጭ በመሸንቆር ነው። ወረቀታችን ላይ ሲያጋድሙት መፈክሩ በላይኛው መስኮት፣ ስማችን በመካከለኛው፣ ፊርማችን በታችኛው ብቅ ካለ ማኅተም ይመቱልናል፤ ካላለ እንደገና ጽፈን እንመጣለን።

ቅሬታዎቼም እነሆ፦

1ኛ. የስሙ መስኮት የተቀደደው በእርስዎው ስም ልክ ነው። እኔን ግን አባቴ ቄስ ደሳለው፣ ካርቶን እንደሚመጣ ሳያስቡ፣ ወለተ ሚካኤል ብለውኛል። ደብረ ታቦር ዘጠነኛ ክፍል ለመመዝገብ የይለፍ ወረቀት ብጠይቅ «ስምሽ ከመስኮቱ ተርፏል» ተብዬ ተመለስሁ።

2ኛ. በአባታዊ ምክርዎ «ወለቴ» ብዬ ባሳጥረው የይለፍ ወረቀቱን አገኘሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። የስምንተኛ ክፍል ካርዴ ግን ወለተ ሚካኤል ስለሚል ኬላው ላይ ከአውቶቡስ አወረዱኝ። ብቆርጠው ኬላው፣ ባልቆርጠው ካርቶኑ።

3ኛ. ጎረቤታችን ጋሽ ጎበዜ በሬያቸውን ደብረ ታቦር ወስደው ለመሸጥ ሲያመለክቱ፣ በስማቸው ቦታ የበሬውን ስም በስሕተት ቢጽፉ፣ ልኩ ስለገጠመ
ጓድ ቦራ
ተብሎ የይለፍ ወረቀት ለበሬው ተሰጠው። በሬው ይሄዳል፤ እኔ ቆሜ እሸኘዋለሁ።

መስኮቱን በአንድ ጣት ብቻ እንዲያሰፉት፣ ካልሆነም ማመልከቻዬን እንዲያነቡት ብለምንዎ «ማንበብ የእኔ ሥራ አይደለም ልጄ፤ ካርቶኑ ካየው እኔም አይቻለሁ» አሉኝ። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። በሬውን አሳልፎ እኔን ለሚያስቀረው ጥበብዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ ዕድሜዬን እዚሁ የምጨርሰው እኔ ነኝና አብረን እናየዋለን።

ግማሽ ስሟ ከመስኮትዎ ውጭ ዝናብ የሚመታው አክባሪዎ፣
ወለተ ሚካኤል ደሳለው

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ትናንት ለምርመራ አቅርቤ ነበር። መፈክሩ ከላይ፣ ቦራ ከመካከል፣ ፊርማዬ ከታች ልክ ስለገጠሙ ማኅተምዎን መትተው፣ እንደ ልማድዎ ሳያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ በእጅዎ ለጥፈውታል። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ከሰሌዳው ማንሳት ደግሞ በእርስዎው ደንብ ክልክል ስለሆነ፣ ይህችን ማሳሰቢያ እዚያው ሰሌዳው ሥር ቆሜ ጨመርሁባት። እንግዲህ ደብዳቤዬም እንደ እኔ የትም አይሄድም።