ከዳር የተጀመረው ስዕል

ቅዳሜ
ማዳም ዛሬም ሳሎን ያለው ስዕል ፊት አቁማኝ «ምን ይታይሻል?» አለችኝ። ካሬ ውስጥ ካሬ፣ እሱም ውስጥ ካሬ፣ መሃሉ ላይ ጥፍር የምታክል ቀይ። ሰው የለው፣ ዛፍ የለው። «ማሻአላህ፣ ያምራል» ብዬ ወደ ወጥ ቤቴ። እውነቱን ተናግሬ ልባረር እንዴ? የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ያለው ጥዬው በጠፋሁት በመካው አሠሪዬ፣ በከፊሌ ስም ነው። መንግሥት ለጠፉ ሠራተኞች የሰጠው የምህረት ጊዜ እያለቀ ነው። ማዳም ወደ ስሟ ካላዛወረችኝ መያዜ ነው።

እሁድ
የአክስቴ ልጅ ሰዓዳ ከካራንቲና ሰፈር ደወለች። ምህረቱ ሳያልቅ ፖሊሶች የጎረቤቶቿን በር ሰብረው ሁሉንም ጭነዋቸዋል። እሷ ጣሪያ ላይ ልብስ ስታሰጣ ተረፈች። «አንቺ እዚያ ስዕል ተርጉሚ» ብላ ሳቀችብኝ።

ሰኞ
ማዳም ስለ ስዕሉ ደግማ ጠየቀችኝ። ዛሬ አፌ አላረፈም። ወሎ እያለሁ የመሶብ ስፌት እሰፋ ነበር።
«ስፌት ከመሃል ነው የሚጀመረው» አልኳት። «ዙር በዙር እየሰፋ ይሄዳል። ይሄን የሠራው ሰው ግን ከዳር ጀምሯል። የውጪው መስመር ቀጥ ያለ ነው፣ ወደ ውስጥ ሲገባ እጁ ተጨንቋል። ቀይዋ ቦታ አጥታ ነው ያነሰችው። ታሳዝናለች።»
ማዳም «እኔ ነኝ የሣልኩት፣ ባገባሁ ዓመት» ብላ ክፍሏ ገባች።
ኸላስ፣ አለቀልኝ። ምላሴን ይቁረጠው። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ማክሰኞ
ማዳም ምሳ አልበላችም። እኔም አልወረደልኝ። ባሏ ስለ እኔ «እሷን ማስቀመጥ ቅጣት ያመጣብናል፣ ትሂድ» ሲላት ሰማሁ። እሷ ቀስ ብላ «እኔ እፈልጋታለሁ» አለችው። እንዲህ ስትመልስለት ሰምቼ አላውቅም።

ረቡዕ
በጠዋት «ያላ፣ ዓባያሽን ልበሺ» አለችኝ። ሹፌሩ መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር፣ እስከ ከፊሌ ሱቅ ድረስ ወሰደን። መንገድ ላይ አንድ ሹርጣ ፖሊስ መኪናውን አስቁሞ አፍጥጦ አየኝ። ማዳም መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ከእኔ ጋር ናት» አለችው። አለፍን። ከፊሌ እስኪበቃው ሰደበኝና የዝውውሩን ወረቀት ፈረመ። አልሃምዱሊላህ። የመንግሥት ቢሮው ማህተም ግን ይቀራል፣ ለእሁድ ተቀጥረናል። ምህረቱም የሚያልቀው እሁድ ነው።
ለሰዓዳ ነገርኳት። «ለእኔም ስዕል ያላት ማዳም ፈልጊልኛ» አለች።

ሐሙስ
ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ማዳም ወለሉ ላይ አዲስ ሸራ ዘርግታ ተቀምጣለች። መሃሉ ላይ መዳፍ የሚያክል ቀይ ካሬ።
«ልክ ነው?»
«ልክ ነው። አሁን ዙሪያውን ነው፣ ቀስ ብሎ።»
በቀን አንድ ዙር ነው የምቀባው ብላለች። ማህተሙን አላህ ያውቃል። እስከ እሁድ ግን ሦስት ዙር አያለሁ።