ባዬን ከገደል ያወጣሁበት ሳምንት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ዛሬ በመካነ ኢየሱስ ገበያ የሰው ክንድ ሰበርኩ። አስቤው አልነበረም። የባዬ ወንድም ከእህል ተራው በኩል ምንሽሩን አውጥቶ የአጎቴ ልጅ ሞላ ላይ ሲያነጣጥር አየሁት። ደርሼ አፈሙዙን ያዝኩ፤ እሱም አልለቅም አለ። ጠመንጃው እንደ እርጥብ አርጩሜ ታጠፈ፣ ክንዱም አብሮ ሄደ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሰው ገብሱንና ባቄላውን እየረገጠ ሸሸ። አንዲት ጨው ሻጭ ብቻ ከመደቧ አልተነሳችም። «የቄስ ዓለሙ ልጅ ስመኝ ናት፣ ያቺ ባሕር ተሻግራ የመጣችው» ስትል ሰማኋት።

ሞላ መንገዱን ሁሉ ሲስቅ መጣ። «እንግዲህ ባዬ ይስማ» አለኝ።

ባዬ ጎረቤታችን ነበር። በክረምት፣ የአንድ ትልም ስፋት ለማይሞላ ድንበር ወንድሜን ጌታሁንን ደረቱን በጥይት መትቶ ገደለው፤ ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ሸፈተ። እኔ መርዶውን የሰማሁት ምጽዋ ወደብ ላይ፣ ከኢየሩሳሌም በሚመለሱ መነኩሴ አፍ ነው። ቤት ስደርስ እናቴ አልሳመችኝም። «ዘገየሽ» ብቻ አለችኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ከቅዳሴ በኋላ አጎቶቼ ቤታችን ተሰበሰቡ። ሞላ «የቦምባዩን ንገሪያቸው» እያለ ነዘነዘኝ። ነገርኳቸው።

እዚያ የህንድ ከተማ የሁለት ሃይማኖት ሰዎች ሲተራረዱ አንድ ጠባብ ሰፈር ውስጥ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከኋላዬ ሴቶችና ሕፃናት፣ ከፊቴ ገጀራ የያዙ ወንዶች። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ማን እንደ ጀመረውም አላውቅም። የመጣውን ገጀራ በክንዴ ተቀበልኩት። ቆዳዬ ይቀደዳል፣ ይደማል፤ ብረት ግን ከአጥንቴ አልፎ አያውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። አንዱን በአንዱ ላይ ወረወርኩ። ሲመሽ መንገዱ ላይ የቀረው ጫማና ጥርስ ነበር። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው እግሬን ነኩና እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ወሰዱ። በአገራቸው ልጅ ለአባቱ የሚያደርገው መሆኑን በኋላ መርከበኞቹ ነገሩኝ። አፈርኩ።

እናቴ ጥቁሯን ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስትሰማ ቆየች። ከዚያ፣ «ለማታውቂያቸው ይህን ካደረግሽ ለእናትሽ ልጅ ምን ታደርጊያለሽ?» አለች።

«ምን ላድርግ እማ?»

«ባዬን አምጪልኝ። በጌታሁን መቃብር ላይ ይቁምልኝ።»

እሺ አልኩ። የአባቴ ወዳጅ የኔታ ላቀው ፊደል ያስቆጠሩኝ ናቸው፤ በር ድረስ ሲሸኙኝ ቀስ ብለው፣ «ማምጣቱንስ ታመጪዋለሽ ልጄ። ካመጣሽው በኋላስ?» አሉኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ወረድኩ። በሶ፣ ቅል፣ ጠፍር ይዣለሁ። ደጋው ውርጭ ነበር፤ እዚህ ድንጋዩ ያቃጥላል። ማር ቆርጦ የሚመለስ ሰው የባዬንና የጓደኞቹን ዋሻ በጣቱ አሳይቶኝ ሮጠ።

የፈራሁ ይመስለኛል። ጥይቱን አይደለም።

ስወርድ መርከባችን ያረፈበት የግሪኮች ደሴት ትዝ አለኝ። እዚያም በእረኞች መካከል ደም አለ። የሟቹ ደም የነካውን ሸሚዝ ሴቶቹ በር ላይ ይሰቅላሉ፤ ሳይበቀሉ አያወርዱትም። አንድ ቀን ሁለቱ ወገኖች በጀልባ ተሳድደው ባሕር መሐል ሲታኮሱ፣ ዋኝቼ ደርሼ ሁለቱንም ጀልባ ገለበጥኩባቸው። እየጎተትኩ ሳወጣቸው እርስ በርስ ተደጋግፈው ያስታውኩ ነበር። የመርከባችን አለቃ አጨበጨበልኝ። በማግሥቱ እንደገና ተታኮሱና ሁለት ሰው ሞተ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሰው ገደልኩ።

ዋሻው ውስጥ አራት ነበሩ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ተኮሱ፤ አንዱ ዳሌዬን፣ አንዱ ከጡቴ በላይ መታኝ። እየደማሁ ገባሁ። የመጀመሪያውን ጠመንጃ ድንጋይ ላይ ሰበርኩት፤ ባለቤቱ ዘሎ አመለጠ። ሁለተኛውን በቀበቶው አንስቼ ቁጥቋጦ ውስጥ ጣልኩት፤ እሱም እያነከሰ ሄደ። ሦስተኛው ከኋላ ጀርባዬ ላይ ወጥቶ በጎራዴ አንገቴን ይመታኝ ጀመር። ሳላየው በእጄ ጎትቼ ወረወርኩት። ጭንቅላቱ ከዋሻው ግድግዳ ጋር ተጋጨ። ቅል ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር።

ባዬ ጥይቱን ጨርሶ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀደም ሲል ሲሸሽ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ወደ እኔ አላየም፤ ወደ ሟቹ ነበር የሚያየው።

«ማን ነው?» አልኩት።

«አዱኛ ይባላል። የጋይንት ልጅ ነው፣ ከቤተ ልሔም ደብር ማዶ። ዲያቆን ነበር።»

በዚህ ሁሉ አገር ስዞር፣ የወረወርኩት ሰው ስሙ ሲነገረኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሚስት አለችው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አለችው።

መቆፈሪያ ስላልነበረን ድንጋይ ከመርንበት። ባዬ እየተንፏቀቀ ትንንሹን ያቀብለኝ ነበር። አቡነ ዘበሰማያት ደገመ፤ እኔ የመጨረሻውን ድንጋይ አስቀመጥኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ባዬን በጠፍር ጀርባዬ ላይ አስሬ ገደሉን ጀመርኩ። ከባድ አይደለም፤ ረኃብ አድርቆታል። ቁስሌ ላይ ጉልበቱ ሲያርፍ ግን ዓይኔ ይጨልማል።

«ልትገድይኝ ነው?» አለኝ።

«ለእናቴ ነው የማደርስህ።»

«ያው ነው» አለ። ቆይቶ ስለ ጌታሁን ያወራ ጀመር። በልጅነታቸው አብረው ጥጃ ይጠብቁ ነበር። ዝም በል አልኩት። አላቆመም። ፊቱን ስለማላየው ልመታው አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ቅል በሶ በጥብጠን ጠጣን። ከጠጣሁ በኋላ ነው ያሰብኩት። ከዓደን በላይ ባሉት ተራሮች፣ አንድን ዓረብ የገዛ አጎቶቹ «ወንድምህን የገደለውን ሰው አሳልፈህ ስጠን» ሲሉት አይቻለሁ። ዓረቡ ግን ከገዳዩ ጋር ቂጣ ቆርሶ በልቶ ስለ ነበር አልሰጥም ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ያን ቀን ለእሱ ብዬ ብዙ ሰው ደበደብኩ። በሆዴ ግን «ምን ዓይነት ሞኝ ነው?» እል ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ተኝቼ ነው የምጽፈው።

ገደሉ አፍ ላይ ስወጣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ ነበር። እናቴ ከፊት፣ ሞላና አጎቶቼ ጠመንጃቸውን ይዘው ከኋላዋ። ባዬን ከጀርባዬ አላወረድኩትም።

«አውርጂው» አለ ሞላ።

«መቃብሩ ላይ ይቆማል። ከዚያ ለመንግሥት እሰጠዋለሁ።»

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

ሞላ በግራ ሲዞር በግራ ዞርኩ፣ በቀኝ ሲዞር በቀኝ። ባዬ ጀርባዬ ላይ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሞላ የባዬን ጭንቅላት ሊያገኝ ፈልጎ ተኮሰና ትከሻዬን መታ። ወደ እሱ ሄድኩ። ደግሞ ተኮሰ። አፈሙዙ ደረቴን እስኪነካ ሄድኩ፤ እዚያው ላይ ተኮሰ። እንዲህ ከቅርብ ተመትቼ አላውቅም። በጉልበቴ ወደቅሁ፣ አፌ ደም ሞላ። ጠመንጃውን ግን ይዤው ነበር፤ ከሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩበት። ሞላን አልነካሁትም። ብነካው ይሞት ነበር።

የኔታ መስቀላቸውን ይዘው መሐል ገቡ። «በሚካኤል ቀን!» አሉ። አጎቶቼ አንገታቸውን ደፉ።

ባዬ እስከ ወገቡ ተራቁቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ መቃብሩ ላይ ቆመ። እናቴ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ለሰው ልጅ ሁሉ ደረስሽ። የእኔን ብቻ አቃተሽ» አለችኝና ሄደች።

ይህ ከጥይቱ ሁሉ ይብሳል።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

የመንግሥት ታጣቂዎቹ ነጭ ለባሾች ባዬን በበቅሎ ጭነው ወደ ደብረ ታቦር ወሰዱት። ሞላ የት እንደ ገባ አይታወቅም።

የኔታን አስጠርቼ የአዱኛን ነገር ነገርኳቸው። «እኔም ደመኛ ነኝ፤ ሽማግሌ ይላክልኝ። ያሉኝን እቀበላለሁ» አልኩ። «ጋይንት ሩቅ ነው። እኔው እሄዳለሁ» አሉ። በዚያ ዕድሜያቸው። ልከለክላቸው ብል ተቆጡኝ።

እናቴ ምግቤን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ዛሬ ቆሜ ሄድኩ፤ ትከሻዬ ግን ገና ያመረቅዛል። የኔታ አልተመለሱም። የአዱኛ ወገኖች ምን እንደሚሉ አላውቅም። ሊገድሉኝ ቢመጡ ምን እንደማደርግም አላውቅም።

ረፋድ ላይ ከትልቁ ቤት የድንጋይ ድምፅ ሰማሁ። ምስጥ ምሰሶውን ከሥሩ በልቶት ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። እናቴ ብቻዋን ድንጋይ እያንከባለለች ከሥሩ ልታስገባ ትታገላለች። ሰው አልጠራችም።

ገብቼ ጤናማውን ትከሻዬን ከወጋግራው ሥር አገባሁ። ጣሪያው ተነሳ፣ ጥላሸት በላያችን ረገፈ። እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ትንሽ ከፍ» አለች።

ከፍ አደረግሁ።

«አይ፣ በዛ። ዝቅ።»

ዝቅ አልኩ። ድንጋዩን አስገባች፣ በእጇ ነቀነቀችው፣ አልወደደችውም፣ አወጣችው። ሌላ ልትፈልግ ወደ ደጅ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይከብድሻል?»

«አዎ እማ፣ ይከብዳል።»

«ያዢው፤ መጣሁ» አለች።

ያዝኩት።