በትምህርት ቤቱ በር ገመድ የያዙት የመምህር ዋለ ኸሚስ የሕይወት ታሪክ

መምህር ዋለ ኸሚስ ከአባታቸው ከአቶ ኸሚስ አበጋዝና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺመቤት ፈንታሁን በ1954 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ከግሸን ግርጌ ባለች መንደር ተወለዱ። ክርስቲያን ሆነው የአባታቸው ስም ኸሚስ መሆኑ የሚገርማችሁ እንግዶች ካላችሁ አይግረማችሁ፤ ወሎ ነው።

ፊደል የቆጠሩት በሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ደሴ ላይ በመምህርነት ሠልጥነው በ1975 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በ1981 ዓ.ም. ከወ/ሮ ማዕረግ ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። በሐይቅ ከተማ፣ ዋናው አስፋልት ዳር ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሒሳብ አስተማሩ።

ጥር 2011 ዓ.ም. ላይ ሦስተኛ ክፍልን ከሰዓቱ ቀድመው ያሰናበቱት መምህር ዋለ ነበሩ። ተማሪያቸው ራህማ ከበሩ ወጥታ አስፋልቱን ስታቋርጥ የጭነት መኪና ገጫት፤ እዚያው አረፈች። እናቷ ወ/ሮ ዑምኩልሱም «የአላህ ቀደር ነው፣ ጋሼ» ብለው ቢያጽናኗቸውም «ያስወጣኋት እኔ ነኝ» እንዳሉ ኖሩ።

ከዚያ ወዲያ የለመኑት ሁለት ነገር ነው፤ ዜብራና የመኪና ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ። ዘመኑ የለውጥ ነበርና ማመልከቻ የተቀበሏቸው ኃላፊ በወሩ ተለውጠው ይገኛሉ፤ አዲሱ ደግሞ «እንደ አዲስ ያመልክቱ» ይላሉ። አንዱ ቢሮ መንገዱ የከተማው ነው ሲል፣ ሌላው የለም የፌዴራል ነው ይላል። ልጆቹ የማን እንደሆኑ የጠየቀ ግን አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ውሃ ወቀጣ! ቢቸግራቸው በገዛ እጃቸው በኖራ ዜብራ ቀቡ፤ በሳምንቱ የበልግ ዝናብ አጠበው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ትውልድ መንደራቸው ሸሹ። ሲመለሱ የትምህርት ቤቱ ወንበር ተማግዶ፣ መስኮቱ ረግፎ አገኙት። ከበሩ ፊት ለፊት ግን ወታደሮች ኬላ አቁመው ነበር። የማይቆም መኪና የለም፤ ልጆች እየተሳሳቁ ይሻገሩ ጀመር። ሰላም የነፈጋቸውን ጦርነት ሰጣቸው፤ ይህ ነገር እስከ መጨረሻው ያንገበግባቸው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሰላም ሲወርድ ኬላው ተነሣ፤ መኪናውም እንደ ቀድሞው ይከንፍ ገባ።

ጡረተኛው መምህር ወታደሮቹ ጥለውት የሄዱትን ገመድ አንሥተው፣ ፌስታል አንጠልጥለውበት፣ አንዱን ጫፍ ከመብራት ምሰሶው ጋር አስረው ሌላውን በእጃቸው ይዘው ጠዋትና ማታ ይቆሙ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ወርዶ፣ መታወቂያውን አውጥቶ ለፍተሻ ተሰለፈ። መምህርም አላስተባበሉም፤ ልጆቹ አልፈው እስኪያልቁ መታወቂያውን አንድ በአንድ ሲያነቡ ቆዩ። «ሾፌር ዜብራ አያውቅም፤ ገመድ ግን ያውቃል» ይሉ ነበር። ያለ ፈቃድ ኬላ ከፍተዋል ተብለውም ሁለት ቀን ታሰሩ። ኧረ ምን ጉድ ነው! ለቀለም አራት ዓመት ያልበቃው ቢሮ፣ ገመድ ለመከልከል አንድ ቀን በቃው። ሲፈቱ በማግሥቱ እዚያው ቆሙ።

የስኳር ሕመም ያቆሰለውን እግራቸውን እንዲያሳርፉ ሐኪም ቢመክራቸውም እምቢ አሉ። ሚያዝያ ላይ ደሴ ሆስፒታል ሲገቡ ገመዱን የተረከቡት የራህማ እናት ወ/ሮ ዑምኩልሱም ናቸው። መምህር ዋለ ሊጠይቃቸው የመጣውን ሁሉ «ዛሬ ማን ያዘ?» ይሉ ነበር። ረቡዕ ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። አንድ ቢሮ የአበባ ጉንጉን ልኮልናል፤ እናመሰግናለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ እንጂ፣ እሳቸው የለመኑት አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም ነበር።

ዛሬ አስከሬናቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ አስፋልቱን ያቋረጠው በዚያው በር ነው፤ ገመዱንም ወ/ሮ ዑምኩልሱም ይዘውላቸዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ራህማንም በጀነት ያኑርልን።

ነገ አርብ ነው፤ ትምህርት አለ። ወ/ሮ ዑምኩልሱም ብቻቸውን ጠዋትም ማታም አይችሉትም። የገመዱ አንዱ ጫፍ ምሰሶው ላይ እንደታሰረ ነው፤ ሌላው ሰው ይፈልጋል።